ዘጠነኛው ብልቃጥ

ዘይባ ብሎክ ሰባት የገባች ዕለት ከእሷ ቀድሞ የደረሰው ደሟ ነበር። እሷና ባሏ አስናቀ ፍራሻቸውን ገና ከመኪና ላይ እያወረዱ ሳለ የሁላችንም የእጅ አምባር አንድ ጊዜ ነዘረና «አዲስ ጎረቤት፤ አራተኛ ፎቅ፤ ሴት፣ ሃያ ሰባት ዓመት፤ ማሰሪያ የላትም» አለን። ስሟን የነገረን ከሁለት ቀን በኋላ ነው። አይፈረድበትም፤ ለአምባር ስም ምን ያደርግለታል።

ማሰሪያ የምንለው ደም ሲፈስ ረግቶ እንዲቆም የሚያደርገውን ፕሮቲን ነው። ሐኪሞቹ ሌላ ረጅም ስም አላቸው። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ረጅም ስም የሚጠይቀኝ የለም። ቢላ ቢነካት ደሟ የማይቆም፣ ብታረግዝ የማይጸናላት ሴት መሆኗን ግን ማንም ሳያስረዳን ገባን። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም አጥታለች። ይህንንም የነገረን አምባሩ ነው፤ እሷ አይደለችም።

እዚህ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር በተሰለፉት ብሎኮች፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት ከሩቅ አገር መጠበቅ ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል። እያንዳንዱ ብሎክ የራሱን ሰው በራሱ ደም ይጠብቃል። ወላጆቻችን ያቆዩልን ቅሬ ድሮ ሥራው ሙት መቅበር ነበር፤ ድንኳን መትከል፣ ሐዘንተኛ ማጽናናት። አሁን ሥራው ሁለት ሆኗል፤ የሞተውን ይቀብራል፣ ያልሞተውን ያጠልላል።

የማጥለሉ ሥራ የእኔ ነው። የመረጡኝ አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። ፋብሪካ ሃያ ዓመት የተበጠሰ ክር ስቀጥል ስለኖርኩ «እጇ አይንቀጠቀጥም» ተብዬ ነው። ምድር ቤት ያለችውን ክፍል ማጥለያ ቤት እንላታለን። አንድ ወንበር፣ ደሙን የሚለይ አንድ ማሽን፣ ክንድ የሚያህል አንድ የመስታወት ቱቦ አሏት። ቱቦው ውስጥ ሰሊጥ የማታክል ነጭ ዶቃ ሞልቷል፤ በየዶቃዋ ላይ ያዦቹ ተጣብቀዋል። ያዦቹን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ሥራቸውን ግን አውቃለሁ። ከሚያልፈው ሁሉ ማሰሪያዋን ብቻ ነጥቀው ይይዛሉ፣ ሌላውን ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። እንዲህ ያለ ጨዋነት በሰው አላየሁም።

ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ደሙ ይወጣል፤ ቢጫው ውሃ ይለይና በቱቦው ጠብ ጠብ እያለ ያልፋል፤ የቀረው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ሁለት ሰዓት ነው። ቱቦው በጨው ውሃ ተሞልቶ ያድራል። በማግስቱ በሌላ የጨው ውሃ በዝግታ አጥበዋለሁ፣ ከዚያ ኮምጠጥ ያለ ማስለቀቂያ አፈስበታለሁ። ያዦቹ ሲኮመጥጣቸው እጃቸውን ይፈታሉ። የሚወርደው አንዲት ብልቃጥ ነው። ቱቦው አንድ ነገር ብቻ አይወድም፤ መድረቅ። ያዦቹ ከደረቁ ሞቱ።

ከሠላሳ ስድስቱ ቤት ዘጠኙ ለዘይባ ተመድበዋል። የቀሩት ለሌሎች በሽተኞች ናቸው። በመጋቢት ሦስተኛው ልጅ ሆዷ ውስጥ ዘጠኝ ወሩን ሊደፍን ተቃረበ፤ ሐኪሞቹም ለማክሰኞ ጠዋት በኦፕራሲዮን ትወልዳለች ብለው ቀን ቆረጡ። የማዋለጃ ጣቢያው በር ደንብ አለው፤ ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ብልቃጥ ቆጥሮ ካላገኘ አይከፈትም። ካልተከፈተ ደግሞ እናትየዋ ብቻዋን ወደ አዲስ አበባ ማቆያ ትጫናለች፤ ለአርባ ቀን፣ ያለ ባል፣ ያለ እናት። ዘይባ ባለፈው ጊዜ እዚያ ነበረች። ምን እንደደረሰባት አትናገርም። ብቻ አንድ ቀን ማጥለያ ቤት ቁጭ ብላ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ «እትዬ ሽታዬ፣ እዚያ የሚያነጋግርሽ ግድግዳው ነው» አለችኝ።

ስለዚህ ዘጠኙ ቤቶች በዚያ ወር ተራ በተራ፣ አንድ አንድ ጊዜ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አበጋዝ የመጀመሪያው ነበሩ። ጡረተኛ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ መርፌ ሲወጋቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ዜጋ ግዴታ ንግግር ያደርጋሉ። ዘጠነኛው የሁለተኛ ፎቁ አያ ይማም ነበሩ።

አያ ይማም መኪና በሰው ይነዳ በነበረበት ዘመን የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበሩ። ሐሙስ ከሰዓት መጥተው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ሽታዬ፣ ዛሬ የደነዘዘው መርፌሽ ነው እጅሽ?»

«ቆዳዎ ነው እንጂ፤ ሠላሳ ዓመት የአፋር ፀሐይ የጠበሰው።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ስለ ሚሌዋ ግመል አጫውቼሻለሁ?»

«ግማሹን።»

ሁልጊዜ ግማሹን ነው። ግመል መንገድ መሃል ተኛች፤ ጥሩምባ ነፉ፣ አልነሳ አለች፤ ወረዱ፤ ዱላ አነሱ። እዚህ ላይ ማሽኑ ጮኸ፣ ሁለት ሰዓቱ አለቀ። «ቀሪው የሚመጣው ወር» አሉና እጅጌያቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተኝተው ቀሩ። ልባቸው ነው አለ አምባሩ። ባለቤታቸው እትዬ ሩቅያ ለጸሎት ሊቀሰቅሷቸው ትከሻቸውን ሲነኩ ቀዝቅዘዋል።

ሬሳው ታጥቦ ተገንዞ የቀብር ጥሪው ሲመጣ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ እኔ ማጥለያ ቤት ነበርኩ። ቱቦው ላይ የጨው ውሃውን ሰቅዬ ማጠብ ጀምሬያለሁ። የተሰቀለችው ከረጢት አንድ ሰዓት ትበቃለች፤ ከዚያ መተካት አለባት። አምባሬ ሦስት ጊዜ ነዘረ። ሦስት ጊዜ ሞት ነው። በዚያ ላይ አምባር የማያምነው የቅሬው ለፋፊ ደረጃ ለደረጃ እየዞረ «አያ ይማም! አያ ይማም!» እያለ ይጮሃል። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ከኋላዬ በሩ ቀጭ አለ።

በሩ ቀጭ ያለው እኛው ወስነንበት ነው። ባለፈው ዓመት ሰው ቀብር መቅረት አብዝቶ ነበር። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ማቋረጥ አልችልም» ይላል፤ ሥራው ደግሞ ምድር ቤት ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ተቀመጥንና ቀብር ሲጠራ የብሎኩ የሥራ ክፍሎች ሁሉ በራሳቸው ይቆለፉ፣ ለቀስተኛው እስኪመለስም አይከፈቱ፣ ከዳኛው ቃል በቀር የሚከፍታቸው አይኑር ብለን በአንድ ድምፅ አጸደቅን። እኔ እንዲያውም ሁለት እጄን ነው ያወጣሁት። ስለ ቱቦው ያሰበ አልነበረም። እኛ ስናስብ ስለ ሰነፍ ጎረቤት ነበር።

አያ ይማም የሚቀበሩት የትውልድ ቀያቸው ሀርቡ ነበር፤ ከጁምዓ ሰላት በፊት መድረስ አለበት። ሴቱም ወንዱም አውቶቡስ ላይ ወጣን። እትዬ ሩቅያ ከጎኔ ተቀመጡ። አላለቀሱም። መስኮቱን እያዩ ቆዩ፤ ቆዩና ራሳቸው ቀስ እያለ ወርዶ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

ከረጢቷ ትዝ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው።

ጊዜውን አሰላሁ። ሃያ ደቂቃ ይቀራታል። ጋሽ አበጋዝ ሁለት ወንበር ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አምባራቸው ላይ አንድ ቃል ቢናገሩ በሩ ይከፈታል፤ ብሎኩን የሚጠብቀው ዘበኛ ገብቶ ሌላ ከረጢት ይሰቅላል። ከእኔ የሚፈለገው አፌን መክፈት ነው። ግን ምን ልበል? አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ በተቀመጠበት «የአያ ይማም ማሰሪያ ቱቦ ውስጥ ቀርቷል፣ ሊደርቅብኝ ነው» ልበል? ሬሳው ከፊታችን መኪና ላይ ነው። ሚስቱ ትከሻዬ ላይ ናቸው። ትከሻዬን ባንቀሳቅስ ይነቃሉ። አሁን እነግራቸዋለሁ፣ ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሀርቡ ደረስን።

አመሻሹ ላይ ስንመለስ በሩ ራሱ ተከፈተልኝ። ቱቦው ከላይ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በበጋ የቦርከና ጭቃ እንደሚሰነጠቀው። ከታች አንድ ሦስተኛው ብቻ እርጥብ ነው። የአያ ይማምን ማሰሪያ ከሞላ ጎደል የያዘው ደግሞ የላይኛው ነበር። ውሃ አጠጣሁት፣ ማስለቀቂያ አፈሰስኩበት። የወረደው መለኪያው ላይ ምንም አላሳየም።

ቅዳሜ ማለዳ ጋሽ አበጋዝ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አውቶቡሱንም ጭምር። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ቀብር ትተሽ ቱቦ ብትጠብቂ ኖሮ እቀጣሽ ነበር» አሉ። «ቱቦ ትተሽ ቀብር ስለሄድሽ ግን በምን አንቀጽ እንደምቀጣሽ አላውቅም።»

«በዝምታው ይቅጡኝ።»

«እሱ ይደርሳል። አሁን ማን ይቀመጣል? እኔ ልቀመጥ፣ ድጋሚ።»

«ወንበሩ አይቀበልዎትም፤ ከአንድ ቤት በወር አንድ ነው። ያልተመደበ ቤት ቢመጣም መርፌውን አያወጣም።»

ዝርዝሩን ከፈትን። ስምንቱ ቤት ቀይ፤ ሰጥተዋል። ዘጠነኛውን ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። አረንጓዴ ነበር። «ሁለተኛ ፎቅ፣ አራተኛ በር» ይላል። «የቀድሞ ተጠሪ ተዘግቷል። አዲስ ተጠሪ፦ ሩቅያ ዓሊ፣ ስድሳ ዓመት። በዚህ ወር አልሰጠችም።»

ሰውየው በተቀበሩ በማግስቱ ማሽኑ ቤታቸውን እንደ አዲስ ቤት ከፍቶታል። ከብሎኩ ሁሉ የሚቀረን አንድ ቤት የሐዘን ቤቱ ነው። በቅሬያችን ደግሞ ሐዘንተኛ እስከ አርባ ቀን ምንም አይጠየቅም፤ ጨው እንኳ ቢያልቅብን የሐዘንተኛ በር አናንኳኳም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያጻፍናቸውም እኛው ነን።

«አይጠየቁም» አሉ ጋሽ አበጋዝ።

«አይጠየቁም» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ለዘይባ ስነግራት አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ታጥፍ ነበር፤ ያጠፈችውን ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

«ማቆያው አልመለስም፣ እትዬ ሽታዬ። እዚሁ ቤቴ እወልዳለሁ። ስምንት አለኝ አይደል?»

«ዘይቡ» አለ አስናቀ፣ በሩን ተደግፎ፤ ግዙፍ ሰው ነው፣ ያን ጊዜ ግን በሩ ሰፍቶበት ነበር። «ስምንቱ እኮ የጣቢያው በር ካልተከፈተ አይከፈቱም። ቁልፋቸው አንድ ነው።»

«እንግዲያው ሳይከፈቱ አጠገቤ ይቀመጡ።»

«እሱን ነው የምትዪኝ?»

«እሱን ነው የምልህ።»

ልብሷን ማጠፏን ቀጠለች። እጇ እንደ እኔ እጅ ነው፤ አይንቀጠቀጥም። እኔ እያሰብኩ ደረጃውን ወረድኩ። ለእትዬ ሩቅያ መናዘዝ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ የባላቸውን የመጨረሻ ስጦታ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ግን ብናዘዝ መጠየቅ ይሆንብኛል። ብተወው ደግሞ ሁለተኛ ዝምታ ነው። አንደኛው ምን እንዳመጣ አይቻለሁ።

እሑድ ጠዋት ሄድኩ። እትዬ ሩቅያ ፍራሽ ላይ፣ በሴቶች መሃል፣ ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደው ተቀምጠዋል። «ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» እያሉ ነበር። ጎንበስ ብዬ፦

«እትዬ ሩቅያ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው። ጥያቄ ግን አይደለም።»

ሴቶቹ ወደ ጓዳ ገለል አሉልን። ገለል ማለት ጆሮን አይጨምርም።

«አያ ይማም ሐሙስ የሰጡትን አደረቅኩት።»

«ምኑን?»

«ማሰሪያቸውን። ቱቦው ውስጥ ነበር። ወደ ሀርቡ ስንሄድ መንገድ ላይ ትዝ አለኝ። ለጋሽ አበጋዝ አንድ ቃል ብናገር ይድን ነበር። ዝም አልኩ።»

«ምነው?»

«ራስዎ ትከሻዬ ላይ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ተኝቼ ነበር እንዴ?»

«አዎ።»

«እውነትሽን ነው?»

«ትንሽ ያንኮራፉም ነበር።»

በሻሻቸው ጫፍ ጉልበቴን መቱኝ። ከዚያ አለቀሱ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔም አለቀስኩ። ጓዳ ያሉትም ተቀበሉን፤ ለምን እንደሆነ ጠይቀው አይደለም። ሲበቃቸው ፊታቸውን ጠረጉ።

«ልጅቱስ?»

«ስምንት አላት።»

«የጎደለው የማን ነው?»

ዝም አልኩ። ይህኛውን ዝምታ ለራሴ ይቅር እላለሁ።

«ሽታዬ። የጎደለው የይማም ነው ወይ?»

«አዎ።»

«ይኸው ነው!» አሉ። ቁጣ ነበር፣ ግን ሞቅ ያለ ቁጣ። «ጀምሮ የጨረሰው ነገር የለም። ያን መደርደሪያ ታዪዋለሽ? ሁለቱን እግር እሱ፣ ሁለቱን እግር እኔ። የልጆቹን ስም አወጣጥ እንኳ እሱ ጀምሮ እኔ ነኝ የጨረስኩት። አሁንም ጣጣውን ትቶልኝ ሄደ። ጫማዬ የት አለ?»

«እትዬ ሩቅያ፣ እኔ አልጠየቅኩም…»

«ማን ጠየቅሽ አለ? ጫማዬን አልኩ።»

ጋሽ አበጋዝ ደረጃው ላይ ተገናኙን። ወሬው ቀድሞናል። እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉ።

«ሩቅያ፣ ሐዘንተኛ አይጠየቅም። ሕግ ነው።»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ሽታዬ…»

«ሽታዬ ራሷን ከሰሰች እንጂ እኔን አልጠየቀችም። ዞር በል አበጋዝ፣ ደረጃው ጠባብ ነው።»

ጋሽ አበጋዝ ዞር አሉ። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ክርክር መቼ እንደሚያልቅ ያውቃሉ።

ቱቦውን ቅዳሜ ማታ ከፍቼ የደረቀውን በማንኪያ ፍቄ አውጥቼው ነበር። መክፈት ክልክል ነው። እርጥቧን አንድ ሦስተኛ አጭር የመስታወት ቱቦ ውስጥ መልሼ ጠቅጥቄያታለሁ። ያዦቿ ጥቂት ስለሆኑ ከሚያልፈው ብዙ ያመልጣቸዋል፤ ሦስት ጊዜ መመላለስ አለበት። ሁለት ሰዓት የነበረው ስድስት ሰዓት ሆነ። ይህንን ስነግራቸው እትዬ ሩቅያ «የት ልሄድ ብለሽ ነው» አሉ። ወንበሩ ለማሽኑ ብቻ በሚገባው ቋንቋ ጢው አለ፣ አረንጓዴ አበራ፣ መርፌውን አወጣ።

ጠረጴዛው ላይ በስኒ ያስቀመጥኩትን ደረቅ ዶቃ አዩት።

«እሱ ነው?»

«አዎ።»

ስኒውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ምንም አይሸትም።»

«አዎ። ላስቀምጥልዎት?»

«ጣይው። ሰው ሁለት ጊዜ አይቀበርም።»

አጭሯ ቱቦ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረች። ሁለተኛው ዙር ላይ ዘይባ ሆዷን ይዛ ወረደች፣ አስናቀ ከኋላዋ ወንበር ተሸክሞ። በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እትዬ ሩቅያ… በሦስተኛ ቀንዎ…»

«ቁጭ በይ። ቆመሽ ልጁን አታድክሚው።»

ተቀመጠች። የእትዬ ሩቅያን መርፌ የሌለበት እጅ ወስዳ ሆዷ ላይ አደረገችው። ልጁ ረገጠ።

«ጉልበት አለው» አሉ እትዬ ሩቅያ። «መሪ የሚያዞር ክንድ ነው ይኼ።»

«አሁን መሪ የለም እኮ» አለ አስናቀ።

«ዝም በል፤ ቢኖር ኖሮ ማለቴ ነው።»

ከሐሙስ ጀምሮ ስለከነከነኝ፣ ስለ ሚሌዋ ግመል ጠየቅኳቸው። ወርደው ዱላ አነሱ፤ ከዚያስ?

እትዬ ሩቅያ ሳቅ አፈናቸው።

«ጫፉን አልነገረሽም? አይነግርማ! ግመሏ ምጥ ይዟት ነው የተኛችው። ዱላውን ጥሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ከኋላው ሃያ መኪና ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል፣ እሱ ‹እሷ ሳትነሳ አልነሳም› ይላል። ውሎ አደረ። ወለደች፤ ግልገሉ በእግሩ እስኪቆምም ጠበቀ። እኔ በዚያው ቀን እዚህ ቤት የመጀመሪያ ልጃችንን አምጣለሁ። ይማም የት አለ? ግመል እያዋለደ! ሲመጣ ልጁ ሁለት ቀን ሆኖታል። ለዚህ ነው ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚመጣው ወር የሚለው።»

ዘይባ ሳቀች። እየሳቀች ዓይኗ ሞላ። «ማክሰኞ አንተ ግመል አላይም በል» አለችው ለአስናቀ፤ እሱም በሙሉ ቁምነገር ማለለት።

ሰኞ ጠዋት አጠብኩት። ከረጢቱ አጠገብ ሁለት ተጠባባቂ ከረጢት፣ ከሁለቱ አጠገብ ጋሽ አበጋዝ። «ዛሬ ሰው ቢሞት እንኳ ቃሌን አስቀድሜ ሰጥቻለሁ» አሉ፤ ግን በዚያ ማለዳ የብሎክ ሰባት ሰው ሁሉ ለመኖር የተስማማ ይመስል ነበር። ማስለቀቂያውን አፈሰስኩ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ መለኪያው ቀስ ብሎ ተነሳ። ያ ሲነሳ ያየሁትን ደስታ ልነግራችሁ ብሞክር ታሾፉብኛላችሁ፤ መስመር ነው፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ብልቃጧ ሞላች። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የጣቢያው በር ዘጠኝ ብሎ ቆጠረና ተከፈተ።

ማክሰኞ ማናችንም ሥራ አልሠራንም። ለጋሾች አምባራቸው ላይ የሚመጣ አንድ መልእክት አለ፤ ብልቃጣቸው ለበሽተኛው ሲሰጥ ይነዝርና «ብልቃጥዎ ገባ» ይላል። እኔ ምድር ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የጋሽ አበጋዝ ነዘረ። «ገባ!» አሉ፣ እንደ ተማሪ ዘለው። ከዚያ የአምስተኛ ፎቋ። ከዚያ ሁለት በአንድ ላይ። አምስተኛው ሲገባ ሰው መሳቅ አቆመ። ስድስተኛው ገባ። ሰባተኛው። ደሙ አልቆመም ማለት ነው። ስምንተኛው ሲገባ ባለቤቱ እጁን ብቻ ከፍ አድርጎ አሳየን።

ጠበቅን። የቀረው የእትዬ ሩቅያ ነው። እሳቸው ከሐዘን ቤት አልወረዱም። ሽቅብ ወደ ሁለተኛ ፎቅ መስኮት አየን። ማንም ወጥቶ የሚጠይቅ አልተገኘም።

ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ የሁላችንም አምባር አንድ ጊዜ ነዘረ፤ አንድ ጊዜ አዲስ ጎረቤት ሲመጣ ነው። «አዲስ ጎረቤት፤ አራተኛ ፎቅ፤ ሴት፣ አንድ ቀን፤ ሁሉም አላት» አለን። ስለ እናትየዋ ምንም አላለም። ስለ እናትየዋ የነገረን አስናቀ ነው፣ በሩጫ እየመጣ፣ ገና መንገድ ማዶ ሆኖ፣ «ቆመ! ቆመ! ቆመላት!» እያለ።

እኔ ወደ እትዬ ሩቅያ በደረጃ ወጣሁ። በዝምታዬ ምክንያት ሊፍቱ ለአንድ ወር እንዳይቆምልኝ ጋሽ አበጋዝ ያን ማለዳ ፈርደውብኛል፤ ይግባኝ አላልኩም። እያለከለክሁ ገባሁ። እትዬ ሩቅያ ብቻቸውን ናቸው፤ አጠገባቸው ጎረቤት ያመጣው ሳህን ተከድኖ ተቀምጧል፣ ሳይነካ፤ ግራ እጃቸው ላይ ያለውን አምባር በቀኝ እጃቸው ጨብጠዋል።

«አልነዘረም» አሉ።

«አዎ። ስምንተኛው ላይ ቆመላት። ደህና ናት። ልጅቱም ደህና ናት።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዱዓ ነው። ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ላይ ሌላ ነገር አየሁ፣ ሊደብቁት ያልቻሉት።

«የእኔ አልተፈለገም ማለት ነው።»

ለአንድ አፍታ፣ ገብቷል፣ አምባርዎ ተበላሽቶ ነው ልላቸው አሰብኩ። ደስ ይላቸው ነበር። አልኩ እንኳ ሊባል ይችላል፣ አፌ ተከፍቶ ነበርና። ግን ለሳቸው ውሸት አልወጣ አለኝ።

«ባይኖር በሩ አይከፈትም ነበር። ግን አልገባም፣ እትዬ ሩቅያ። ጣቢያው መልሶልናል። ታች ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።»

«ይበላሻላ።»

«አይበላሽም። ሦስት ዓመት ይቆያል።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ጣቶቻቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከላይ ከአራተኛ ፎቅ ገና እናትየዋ ሳትመጣ ሰው ተሰብስቦ እልል ይላል።

«እንግዲያው ለዘይባ ንገሪያት» አሉ። «ሁለተኛውን ልጅ አታቆየው። እኔ እንደሆነ ሦስት ዓመት እጠብቃታለሁ።»

«እነግራታለሁ።»

«አሁን ትረፍ፤ ነገ ንገሪያት።»

«እሺ።»

ሻሻቸውን ከግንባራቸው ወደ ኋላ ገፉት፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«በይ ያን ሳህን አቅርቢልኝ።»